መሄጃው 9 ሰዓት፣ መመለሻው 21 ሰዓት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ ታኅሣሥ ላይ ዋሽንግተን ያለችውን እህቴን ልታርስ ትሄዳለች። ትኬቷ ላይ ከአዲስ አበባ 22:30 ተነስታ በማግስቱ 07:30 ትደርሳለች ይላል። ስትመለስ ግን 11:00 ተነስታ በማግስቱ 08:00 ነው። መሄጃው 9 ሰዓት፣ መመለሻው 21 ሰዓት ማለት ነው? እሷማ «9 ሰዓት ከሆነ እችለዋለሁ» ብላ ደስ ብሏታል። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ ደስታቸውን ላበላሽ ነው። 17 ሰዓት ነው።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። ታኅሣሥ ላይ ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደኋላ ናት። ስለዚህ 9 ላይ 8 ደምሪ፣ 17። ከመመለሻው 21 ላይ ደግሞ 8 ቀንሺ፣ 13። በእኛ ክረምት ቢሆን ልዩነቱ 7 ነበር፤ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉና።

አሁንም 4 ሰዓት ተረፈች አይደል? መንገዱ እኮ ያው ነው፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ ቀን የልጄን ሉል አንስቼ በሁለቱ ከተሞች መሃል ክር ወጠርኩበት። ክሩ በምዕራብ አፍሪካ በኩል የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ በሱዳንና በሊቢያ አልፎ ሜዲትራኒያንን ተሻገረና ደቡብ አውሮፓን ነክቶ አትላንቲክ ገባ።

ጣጣው ቦሌ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጧል። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም እንደ ቆላው አይበረታም። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ከፊት ለፊት የሚገፋው ነፋስ አለ። ስለዚህ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። ለዓመታት ደብሊን ላይ ነበር የሚያርፈው። የዋሽንግተኑ ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ ከፍታ የለውም። ከዚያ ጢም ብሎ ሞልቶ ይነሳል፣ ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል፣ አንድ ጊዜም ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

ከሁሉ የምፈራው ግን የሰዓት አቆጣጠሩን ነው። ትኬት በምሸጥበት ዘመን ለአንዲት እናት በወረቀት ላይ «10:30» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ጠዋት 4:30 ማለቴ ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በርበሬና ሽሯቸውን አሸክመው አውሮፕላን ማረፊያ የደረሱት ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት ነው። «ለ10:30 ቀድሜ መጣሁ» አሉኝ በስልክ። ዛሬም ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። 22:30ን ሰርዢና በትልቁ «ማታ 4:30» ብለሽ ጻፊላቸው። ምሽት 1:30 ላይ ቦሌ ይገኙ። ዊልቸር ከአሁኑ አስመዝግቢ፤ መራመድ ቢችሉም ሰልፉ ረጅም ነው። ደግሞ አንድ ነገር ደጋግመሽ ንገሪያቸው፦ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ ሲያርፍ አሜሪካ የደረሱ መስሏቸው ቦርሳቸውን እንዳያወርዱ። አስተናጋጇ ውረዱ ካላለች ቁጭ ይበሉ።

ለአራሷም እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ።