«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» አድራሻ አይደለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(መልስ ሰጪው 22 ዓመት የአደጋ ጥሪ በሚቀበል የሬዲዮ ክፍል ተረኛ ሆነው የሠሩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ የሐዋሳ ነዋሪ ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አቶቴ አካባቢ ባጃጅ እነዳለሁ። ባለፈው ወር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በእሳት ተያያዘ። እኔ ለፖሊስ ደወልኩ። ጓደኛዬ ለእሳት አደጋ ደወለ። ሌላው ልጅ ቪዲዮ ቀርጾ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቀው። ግሩፑ ውስጥ ከ400 በላይ ሰው አለ። «እግዚኦ!» ያላለ የለም፤ ባልዲ ይዞ የወጣው ግን አምስት ሰው አይሞላም። የእሳት አደጋ መኪናው ደግሞ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሄዶ ሲፈልገን ቆየ። ሲደርስ ጣሪያው ወድቋል። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። አሁን ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተን አፕ እናሠራ እያሉ ነው። አንዱ በ180 ሺህ ብር እሠራዋለሁ ብሏል። ምን ይሉናል?
ባለባጃጁ፣ ከአቶቴ

መልስ፦ ልጄ፣ ብሩን ለጊዜው ያዙት።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፖሊስ ሰምቷል። እሳት አደጋ ሰምቷል። 400 ሰው ሰምቷል። ወሬ አላጠራችሁም፤ እንዲያውም ሞልቶ ተርፏል። ጓደኛህ ስልኩ ላይ ምን እንዳለ ግን አልጻፍክልኝም። ልገምት? «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ነው ያለው። ሐዋሳ ውስጥ ስንት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ አንድ ቀን ልቆጥር ጀምሬ ተውኩት።

ልወቅስህ ብዬ አይደለም። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ያውም ደሞዝ እየበላሁበት። በ1998 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከሰዓት ተረኛ ነበርኩ። ስልክ ተደወለ። አንዲት ሴት «ሐይቁ ጋ ልጅ ሰጠመ!» ብላ ጮኸች፤ መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ሬዲዮውን አንስቼ ፓትሮሉን «ሐይቅ ዳር ሂዱ» አልኩ። ለእኔ ሐይቅ ዳር ማለት ፍቅር ሐይቅ የሚባለው መዝናኛ ዳርቻ ነው። ሰንበት ሰንበት ልጆቼን ይዤ የምሄደው እዚያ ነዋ። ልጁ የሰጠመው ግን አሞራ ገደል በኩል ነበር። ፓትሮሉ ፍቅር ሐይቅ ላይ ቡና የሚጠጣውን ሰው ሁሉ «ማን ሰጠመ?» እያለ ሲጠይቅ፣ ዓሣ አጥማጆች ልጁን ጎትተው አወጡት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መሃል ተጋድሞ ውሃ ሲያስመልሰው ነበር አሉ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ተመስገን።

አለቃዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «የቱ ሐይቅ ዳር ብለህ ጠየቅህ?» መልስ አልነበረኝም። መስመሩ ቢቋረጥም መልሼ መደወል እችል ነበር።

የባሰውን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ከእኛ ሁለት ግቢ አልፎ ያለ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ትክክለኛውን ቦታ ከሌላ ደዋይ ሰምቶ ነበር። «አሞራ ገደል» ብሎ፣ ሰዓቱንም ጨምሮ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ መዝገብ ላይ አስፍሮታል። መዝገቡን በዓይኔ አየሁት። ማንም ስልክ አንስቶ ለእኛ አልነገረም። ለምን ስላቸው «እናንተም የሰማችሁ መስሎን» አሉ። ይቺን ዓረፍተ ነገር በ22 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አትጠይቀኝ።

የእኛ ድህነት ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለቱ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ሲቃጠሉ፣ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ከላይ ሆኖ ሰሜኑ ሕንፃ ሊወድቅ እንደሚችል በፖሊስ ሬዲዮ አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው በቦታው ለነበሩት የእሳት አደጋ አዛዦች አልደረሰም። የፖሊሱና የእሳት አደጋው ሬዲዮ አይገናኝም፤ አጠገብ ላጠገብ ቆመው መረጃ የሚለዋወጡበት የጋራ ማዘዣም አልነበራቸውም። በዚያ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ኒው ዮርክ ነው እንግዲህ። ገንዘብና ሬዲዮ ያጣ ከተማ አይደለም።

ሌላ አንድ ልንገርህ፣ ይቺ ደስ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1935 ለንደን ውስጥ ዊምፖል በሚባል ጎዳና ላይ ቤት ተቃጥሎ 5 ሴቶች ሞቱ። ጎረቤትየው እሳት አደጋ ለመጥራት ስልክ ማዞሪያ ቢደውል ወረፋ ላይ አቆዩት። ሰውየው በገነ። ልክ እንዳንተ ቁጭ ብሎ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ነገሩ ተመረመረና በጁን 30 ቀን 1937 ለንደን 999 የሚባለውን ቁጥር ጀመረች። 999 ሲደወል ማዞሪያው ክፍል ውስጥ ቀይ መብራት ይበራል፤ ጡሩምባ ይጮሃል፤ ኦፕሬተሯ ሌላውን ሁሉ ትታ ያንን ታነሳለች። ገንዘቡ የፈሰሰው የት እንደሆነ አየህ? ስልኩን በሚያነሳው ሰው ጠረጴዛ ላይ።

ስለዚህ የአፑን ልጅ ይህን ጠይቁት፦ አፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲጮህ ማን ጋ ነው የሚጮኸው? ያ ሰው ተረኛ ነው ወይስ ተኝቷል? ዳታ ሲቋረጥስ? መልስ ካለው እንነጋገራለን። ከሌለው ግን ሁለተኛ የቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚሸጥላችሁ።

እስከዚያው በደብተርና በእስክሪብቶ የሚሠራ ሥራ አለ። እናንተ ባለባጃጆች ከተማውን እንደ መዳፋችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ እሑድ ሰብሰብ በሉና የሰፈሩን ምልክቶች ጻፉ። በተለይ ሁለት ዓይነቱን ለዩልኝ፦ ሁለት ስም ያለውን አንድ ቦታ፣ አንድ ስም ያላቸውን ሁለት ቦታዎች። ሽማግሌው በድሮ ስሙ ይጠራዋል፤ ወጣቱ በካፌው ስም ይጠራዋል፤ ከገጠር የመጣው ደግሞ በሲዳምኛ ይጠራዋል። ሁሉንም ጎን ለጎን አስፍሩ። መኪና የሚገባበትንና የማይገባበትን መንገድ ምልክት አድርጉ። እሳት አደጋ መኪና እንደ ባጃጅ አይሽሎከሎክም። ከዚያ አንዱን ቅጂ እሳት አደጋ ጣቢያ፣ ሌላውን ፖሊስ ጣቢያ ወስዳችሁ ለተረኛው በእጁ ስጡት። በጣቶቻችሁ ሳይሆን በእግራችሁ ሂዱ፤ ፊታችሁን ይወቀው።

አደጋ ሲመጣ አንድ ሰው ይደውል፣ አንድ ሰው አስፋልት ላይ ወጥቶ በባጃጅ መብራት መኪናውን ይቀበል። የሚደውለው መጀመሪያ ቦታውን ይናገር፣ ለቅሶው ይቆየው። ተረኛው የነገርከውን ካልደገመልህ «ጌታዬ፣ የት አልኩዎት?» በለው። በሬዲዮ ሥራ ያልተደገመ መልእክት እንደተሰማ አይቆጠርም። ለፖሊስም ለእሳት አደጋም ከተደወለ ለሁለቱም «ለእነ እገሌም ነግረናል» በሉ። «እናንተም የሰማችሁ መስሎን» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር የምትገድላት ይቺ ናት።

«ስልኩ ራሱ ያለሁበትን አይናገርም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ስልክ ሲደወል ኔትወርኩ የሚያውቀው የቱ አንቴና ሥር እንዳለህ ነው፤ ያ ደግሞ አንድ ሰፈር ሙሉ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ እንግሊዝ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ሲደወል ስልኩ በራሱ ቦታውን በአጭር መልእክት የሚልክበትን ዘዴ ጀምራለች። አንድሮይድ በ2016፣ አይፎን በ2018 ተከትለዋል። ግን መልእክቱን የሚቀበል ማዕከል በሌላው ጫፍ መኖር አለበት። ለጊዜው ጂፒኤሱ አፍህ ነው። ደግሞም የመኪናው ሰው ስማርት ስልክ ካለው በቴሌግራም ሎኬሽን ላክለት፣ ምን ከለከለህ። ከመደወል በኋላ ግን።

ቪዲዮ የቀረጸውን ልጅ አትቆጡት። በሚቀጥለው ባልዲ ስጡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሰፈራችን ግሩፕ አድሚን ነኝ። አንድ ሰው የወጣት ፎቶ ከነስልክ ቁጥሩ «ሌባ ነው፣ ሼር አድርጉ» ብሎ ለጠፈ። እኔም ፒን አደረግሁት፣ ሁሉም እንዲያየው ከላይ ሰቀልኩት። ሲጣራ ልጁ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ወደ ግንባታ ቦታ ሲሄድ ነው ፎቶ የተነሳው። ፎቶውን አጠፋሁ፤ ሌሎች ሦስት ግሩፖች ውስጥ ግን አለ። በሌላ በኩል ዝም ካልንስ ሌባው እንዲሁ ሊቀር ነው?
አድሚኗ፣ ከታቦር

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁ ቤት ሂጂ። እናቱ ካለች ለእሷም ንገሪ። ከዚያ «ተሳስተናል» ብለሽ በዚያው ግሩፕ ላይ ፒን አድርጊ፤ ለሦስቱ ግሩፖች አድሚኖችም በየስማቸው ጻፊላቸው። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ያየው ሰው መጥፋቱን አላየም።

ሕጉን ከፈለግሽ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እንኳ ሳይፈረድበት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። የእናንተው ልጅ ደግሞ ጭራሽ አልተከሰሰም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ የሰው ስልክና ፎቶ እንዲሁ የሚበተን ነገር አይደለም።

ግን ሁለተኛው ጥያቄሽ ትክክል ነው፣ ዝም ማለትም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ ሶሃም በምትባል ቦታ ሁለት የ10 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ። ገዳዩ የትምህርት ቤት ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ከዚያ በፊት በሌላ አካባቢ ሲኖር በተደጋጋሚ በወሲብ ጥቃት ተጠርጥሮ ለፖሊስ ተነግሯል። ትምህርት ቤቱ ሲቀጥረው ግን ያ መረጃ አልተላለፈም። የዚያ አካባቢ ፖሊስ «የመረጃ ጥበቃ ሕጉ አስገድዶን ነው መዝገቡን ያላቆየነው» አለ። በ2004 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ይህን ሰበብ አልተቀበለም። ጥፋቱ የአሠራር እንጂ የሕጉ አልነበረም። ሁሉም የፖሊስ መምሪያዎች የሚያዩት የጋራ መዝገብ የተከፈተው በ2011 ነው።

አየሽ፣ የአንቺ ግሩፕ ለሰፈሩ ሁሉ ነገረ፣ አንድ ለሚመለከተው ግን አልነገረም። ያኛው ፖሊስ ደግሞ ለሚመለከተውም አልነገረም። ስለዚህ ያየሽውን ለጣቢያው ስጪ፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ልብስ፣ የባጃጅ ከሆነ የጎን ቁጥሩን። ግምትሽን ተይው፣ ያየሽው ይበቃል። የተቀበለሽን ሰው ስምና የመዝገብ ቁጥሩን ይዘሽ ውጪ። ከሳምንት በኋላ «ምን ደረሰ?» ብለሽ ተመለሺ። አይወዱሽም፣ ግድ የለም። ግሩፑ ላይ «ማታ ማታ በዚህ መንገድ ዘረፋ አለ፣ ተጠንቀቁ» ማለት ይቻላል። ፎቶ ግን አይ።

ጥያቄ፦ እሳት ሲነሳ 939 ደውሉ የሚል ፌስቡክ ላይ አየሁ። ሐዋሳም ይሠራል?
ተማሪ፣ ከዳቶ

መልስ፦ 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ነው። እዚህ እሳት ቢነሳ ከዚያ መኪና አይመጣልህም። 991 የፖሊስ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። የሐዋሳን እሳት አደጋ ቁጥር እዚህ አላትምልህም፤ የአካባቢ ቁጥር ይቀያየራል፣ መጽሔት ደግሞ ሹሮ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዓመት ይቆያል። ሄደህ ከጣቢያው ቅዳና አንድ ጊዜ ደውለህ መሥራቱን አረጋግጥ። ስልክህ ላይ ስትመዘግበው «የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር» ብለህ እንዳትጀምር። «እሳት» በለው። በድንጋጤ ስትፈልግ «እ» ብለህ ነው የምትጀምረው።