ምስል ከምስል ሲጋጠም፦ ስለ ቴሌቪዥን ትንተና ለቀረቡልን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በአንድ ጣቢያ የምሽት ዜናና በአንድ ተከታታይ የቤተሰብ ድራማ ላይ ያተኩራል። የስቱዋርት ሆልን (ተመልካች የተላከለትን ትርጉም እንዴት እንደሚቀበል)፣ የቶዶሮቭን (ትረካ እንዴት እንደሚዋቀር) እና የአጀንዳ ቀረጻን (ዜና ደጋግሞ የሚያነሣው ጉዳይ ለተመልካቹ ዐቢይ ሆኖ እንደሚታየው) ንድፈ ሐሳቦች በሰፊው ካብራራሁ በኋላ ያየሁትን ከእነርሱ ጋር አዛመድኩ፤ አማካሪዬ ግን «ንድፈ ሐሳቡ አለ፣ ትንተናው ግን የለም» ብለው መለሱልኝ። ለመሆኑ ድራማ ፈጠራ፣ ዜና ደግሞ እውነት ሆኖ ሳለ ሁለቱን በአንድ መሣሪያ መመርመር ተገቢ ነውን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። በድራማና በዜና መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ በትንተና ስም ሊደበዝዝም አይገባውም። ዜናው ያልሆነውን ሆነ ካለ ጋዜጠኛው ይጠየቅበታል፣ የድራማ ደራሲ ግን ባልነበረ ሰው ላይ ያልደረሰ ነገር ቢያደርስ ማንም «ዋሸህ» አይለውም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሱት ከብዙ ቀረጻ መካከል ተመርጠው፣ ተቆርጠው፣ እርስ በርስ ተገጣጥመውና ድምፅ ተጨምሮባቸው ነው። የሚዲያ ንድፈ ሐሳብ የሚመረምረው ይህንኑ የመምረጥና የማጋጠም ሥራ ስለሆነ ለሁለቱም ያገለግላል። በእኔ እምነት የንድፈ ሐሳብ ጥቅም መለካት ያለበትም በዚህ ነው፤ ወደ ምስሉ መልሶ ቀድሞ ያላየነውን መጋጠሚያ ካሳየን ጠቅሟል፣ ካላሳየን ግን የደራሲዎች ስም ዝርዝር ሆኖ ቀርቷል።

ከአገራችን ታሪክ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለኝም። ብሪታንያዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረሃብ ቀርጾ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ዘገባ በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ፤ ተመልካቹም ደንግጦ ለእርዳታ ተነሣ። ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ከመውረዳቸው አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ የዚያው ዘገባ ምስሎች በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረቡ። በዚህኛው ቅንብር ግን በረሃብተኞቹ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎች ገብተውበታል።

እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ ረሃቡ እውነት ነው፣ ድግሱም ተደግሶ ያውቃል፣ እያንዳንዱ ምስል ለየብቻው ሲታይ የተፈበረከ አይደለም። ሆኖም «ይህ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው፣ ተጠያቂውም እኚህ ሰው ናቸው» የሚለው ፍርድ በአንዳቸውም ምስል ውስጥ የለም፤ የተፈጠረው በመጋጠሚያው ላይ ነው። የሶቪየት የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ስሜት የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት በተራ ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሴት ምስል ጋር አጋጥሞ ባሳየ ጊዜ ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ ረሃብን፣ ሐዘንንና ፍላጎትን እንዳነበበ ይነገራል። ያ የፊልም ቤት ሙከራ ነበር፤ የመስከረም 1 ምሽቱ ግን የአንድ ሥርዓት መውደቂያ ላይ የዋለ ነበር። ልብ ይበሉ፤ የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን መሸሸጉ የታወቀ ስለሆነ ፍርዱ መሠረት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። የተንታኙ ሥራ ፍርዱ ልክ ነው ወይስ አይደለም ከማለቱ አስቀድሞ ፍርዱ በምን ዘዴ እንደተላለፈ ማሳየት ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ ተቃራኒውን ያስተምራል። የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ከመሐመድ አሚን ጋር ከኮረም ያቀረበውና ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የተሠራጨው ዘገባ የዓለምን ልብ የነካው ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር በሚያያይዝ ቃል ተከፍቶ ነው። ይህ አነጋገር ከጎሕ መቅደድ፣ ከሜዳው ብርድና ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲገጣጠም ረሃቡ ዘመን የሌለው፣ ከሰማይ የወረደ መዓት ሆኖ ይታያል። በዚያው ጊዜ በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነትና የደርግ መንግሥት ድርሻ ግን ከሥዕሉ ጀርባ ይቀራሉ። ሻንቶ አያንጋር የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ዜና ችግርን በነጠላ ሰዎች ገጠመኝ ብቻ ሲያቀርብ ተመልካቹ የችግሩን መንሥኤ በግለሰቦቹ ላይ ወደ መፈለግ ያዘነብላል፤ ሰፊውን ሁኔታ ይዞ ሲያቀርብ ግን ዓይኑን ወደ ማኅበረሰቡና ወደ መንግሥት ያነሣል። ፍሬሚንግ የምንለው ይህንን ነው። የ1967ቱ ቅንብር ተጠያቂውን በአንድ ቁርጥ ምስል ሲያመጣ፣ የ1977ቱ ዘገባ በአንድ ቃል አርቆታል። የዘጋቢዎቹን ቅን ልቦና አልጠራጠርም፤ ዘገባው ስንት ነፍስ እንዳዳነም አውቃለሁ፤ ግን ይህ ከትንተናው ሊያግደን አይገባም።

አሁን ወደ ጽሑፍዎ እንመለስ። ሠላሳ ክፍል ድራማና የአንድ ወር ዜና ከሚያጠቃልሉ ይልቅ ጥቂት ደቂቃዎችን መርጠው እያንዳንዱን ምስል በተራ ይመዝግቡ፦ ካሜራው ምን ያህል ቀርቧል፣ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚያየው፣ ምን ድምፅ ይሰማል፣ ማን ይናገራል፣ ስንት ሰከንድ ይቆያል። ከዚያም አንዱን ነገር በሐሳብዎ ይተኩ። በድራማው ውስጥ እመቤቲቱ ስታለቅስ ካሜራው ፊቷን ሞልቶ ያሳያት እንደሆነ፣ የቤት ሠራተኛዋ ስታለቅስም እንዲሁ ቢያቀርባት ትዕይንቱ ምን ይሆን ነበር? በብዙ የቤተሰብ ድራማዎቻችን ሠራተኛዋ ቡና እያቀረበች የቤቱን ምስጢር ሁሉ ትሰማለች፣ ታሪኩ እንዲቀጥል መልእክት ታደርሳለች፣ የራሷ ታሪክ ግን የላትም። የሩሲያዊውን የተረት ተመራማሪ የፕሮፕን «ረዳት» (ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚያግዝ) ገጸ ባሕርይ መጥቀስ የሚጠቅመው ይህን ሲያስጠይቅዎ ነው፦ ረዳትነት ለምን ዘወትር የእርሷ ዕጣ ሆነ?

በዜናውም ላይ እንዲሁ ያድርጉ። የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሚዲያ ጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ሥራ የብሪታንያን የሥራ ማቆም አድማ ዜናዎች መርምሮ፣ የድርጅት ኃላፊዎች ጸጥ ባለ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ሲናገሩ ሠራተኞች ደግሞ በጎዳና ላይ በጫጫታ መካከል ይጠየቁ እንደነበር አሳይቷል። ሁለቱም ወገን ተናግሯልና ዜናው ሚዛናዊ ይመስላል፤ ቦታው ግን አንዱን አስተዋይ፣ ሌላውን ረብሸኛ አድርጎታል። በመረጡት ጣቢያ ባለሥልጣኑ የት ሆኖ፣ ነዋሪው የት ሆኖ እንደሚናገር፣ የማን ስምና ማዕረግ ከሥር እንደሚጻፍ፣ ማንስ «አንዳንድ ነዋሪዎች» ተብሎ እንደሚቀር ይመልከቱ።

ቶዶሮቭን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሚዛን ተናግቶ በአዲስ ሚዛን ይዘጋል የሚለው ሐሳብ የተገኘው አጫጭር የጥንት ተረኮችን ከማጥናት ስለሆነ፣ መጨረሻውን ዘወትር ለሚያራዝም ተከታታይ ድራማ አይመችም። ይልቁንም ለዜናው የበለጠ ይሠራል። አደጋ፣ ግጭት ወይም የዋጋ ንረት ተነግሮ ዘገባው «ጉዳዩ በቁጥጥር ሥር ውሏል» በሚል የኃላፊ ቃል ሲዘጋ፣ በመሬት ላይ ያልተፈታው ነገር በትረካው ውስጥ ተፈትቶ ያድራል። የመጨረሻው ቃል ለነዋሪው የተሰጠባቸውን ዘገባዎች ፈልገው ቢያነጻጽሩ ከማንኛውም የንድፈ ሐሳብ ማብራሪያ የተሻለ ምዕራፍ ያገኛሉ።

ሆልና የአጀንዳ ቀረጻ ግን ሌላ ዓይነት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው ጽሑፍ ተመልካች የተላከለትን ትርጉም ሙሉ በሙሉ ሊቀበል፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን ሊያስተካክል ወይም ሊቃወመው ይችላል ብሏል። ማን የትኛውን እንዳደረገ ግን ምስሉን በማየት አይታወቅም። ዴቪድ ሞርሊ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ጥናት አንድን የቢቢሲ ፕሮግራም ለባንክ ሥራ አስኪያጆች፣ ለሠራተኛ ማኅበር ተጠሪዎች፣ ለሙያ ተለማማጆችና ለተማሪዎች አሳይቶ ሲጠይቅ፣ ተለማማጆቹና የማኅበር ተጠሪዎቹ ከአንድ መደብ ሆነው ሳለ በጣም የተለያየ ነገር አነበቡ። የአጀንዳ ቀረጻን ጥናት ያካሄዱት ማኮምስና ሾውም እ.ኤ.አ. በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ በቻፕል ሂል ምርጫቸውን ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን ጠይቀው መልሱን ከዜናው ይዘት ጋር ማነጻጸር አስፈልጓቸዋል። እርስዎ ተመልካች ካላነጋገሩ «ተመልካቹ እንዲህ ይረዳል» አይበሉ፤ «ቅንብሩ ተመልካቹን ወደዚህ ንባብ ይጋብዛል» ቢሉ ግን ሐሳብዎ ይጸናል። አማካሪዎን ያላረካቸው ይኸው ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከእኔ ጋር በሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን በየምሽቱ ታያለች፣ ታለቅሳለች፣ በስልክም ከእኅቶቿ ጋር ትወያይባቸዋለች። እኔ የባህል ወረራ ነው እላታለሁ፤ እርሷ «እኛኑ ነው የሚመስሉት» ትለኛለች። ማንኛችን ልክ ነን? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ይህ ክርክር በአገር ቤትም ቃና ቴሌቪዥን እንዲህ ያሉ ድራማዎችን ይዞ በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን በጀመረ ጊዜ በብርቱ ተነሥቶ ነበር። የአገር ውስጥ ተዋንያንና አዘጋጆች ስለ ሥራቸው መሥጋታቸው ተገቢ ነበር፤ ያ ግን የገበያ ጥያቄ ነው፣ የእናትዎ እንባ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

በኔዘርላንድ ተመራማሪዋ ኢየን አንግ «ዳላስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ስለሚወዱና ስለሚጠሉ ተመልካቾች በመጽሔት ማስታወቂያ ጠይቃ 42 ደብዳቤዎች ደርሰዋት ነበር። ወዳጆቹ የሚኖሩት ከቴክሳስ የነዳጅ ባለጸጎች ኑሮ እጅግ ርቀው ነው፤ ሆኖም እውነት ብለው የተቀበሉት ቪላውን ሳይሆን በቤተሰብ ውስጥ ያለውን ክህደት፣ ቅናትና ብቸኝነት ነው። አንግ ይህን የስሜት እውነታዊነት ብላዋለች። እናትዎ «እኛኑ ነው የሚመስሉት» ሲሉ የሚናገሩት ይህንኑ ይመስለኛል፤ አማትና ምራት፣ ለወላጅ የሚሰጠው ክብር፣ የጋብቻ ስምምነት፣ ሁሉም ከሚያውቁት ሕይወት ይገጥማል።

ታማር ሊብስና ኤሊሁ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በእስራኤል የሚኖሩ ዐረቦች፣ የሞሮኮ አይሁድና ከሩሲያ የመጡ ስደተኞች ይህንኑ ድራማ አብረው አይተው እንዲተርኩት ሲጠየቁ ታሪኩ በየቤቱ ተለያየ። ከዐረብ ቡድኖች በአንዱ፣ ባሏን ጥላ የወጣችው ገጸ ባሕርይ በድራማው ወደ ቀድሞ ውሽማዋና ወደ አባቱ ቤት የሄደች ብትሆንም፣ ተመልካቾቹ ወደ ገዛ አባቷ ቤት እንደሄደች አድርገው ተረኩት። ያገባች ሴት ተከፍታ ስትወጣ የምትሄደው ወደ አባቷ ቤት ነውና ታሪኩን በራሳቸው ወግ አቃኑት። ባህል ዝም ብሎ የሚወረር ቢሆን ይህ ባልሆነ ነበር። የእርስዎ ሥጋት ግን ከንቱ አይደለም። አንድ ድራማ ደጋግሞ ሀብታምን ብቻ መውደድ የሚገባው ሰው አድርጎ ቢያሳይ ያ ሊመረመር ይገባል። ስለዚህ ከእናትዎ ጋር ተቀምጠው ይዩትና «ይህቺ ልጅ ለምን እንዲህ አደረገች?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መልሳቸው ድራማው ምን እንዳለና እርሳቸው ምን እንዳደረጉበት ለይቶ ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ የወንጀል ዜናና ድራማ የሚያበዛ ሰው ዓለምን ከሆነችው በላይ አስፈሪ አድርጎ ያያል የሚባለው ተረጋግጧልን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይህን ያሉት የሚዲያ ተመራማሪው ጆርጅ ገርብነርና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ቴሌቪዥን የሚያበዙ ሰዎች የጥቃት ሰለባ የመሆን ዕድላቸውን ከፍ አድርገው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ዱብና ማክዶናልድ፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1979 በቶሮንቶ የሰዎቹን ሠፈር ግምት ውስጥ አስገብተው ሲመረምሩ ግንኙነቱ በአብዛኛው ጠፋ፤ ወንጀል የሚበዛበት ሠፈር ነዋሪ በፍርሃት ቤቱ ስለሚቀመጥ ቴሌቪዥንም ያበዛል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ፍርሃትን ፈጠረ ከማለትዎ በፊት ሰውየው የሚኖርበትን ሠፈር ይጠይቁ።