ደጋው ይታረስ ወይስ ይከለል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ተራራውን ሁሉ ለዱር አራዊት መልቀቅ ይሻላል ወይስ እንደ አባቶቻችን ማረስ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ምርጫውን ለምን ሁለት ብቻ አደረጉት? ከእርስዎ ብዙም ሳይርቅ፣ መንዝ ውስጥ፣ አባቶች ያላረሱት ነገር ግን ያልተዉት ጓሳ የሚባል የሣር ምድር አለ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ሲከፈት ታጭዶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ሁሉም እንደ ልቡ ከብቱን ነዳበት። በኋላ የአካባቢው ሰው በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አስከበረው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚታዩት እዚያው፣ ማጭድ በሚገባበት ሣር ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ስሜን ተራሮች ላይ ግን ገበሬው እንዲወጣ ተደርጎ የለም?

መልስ፦ ተደርጓል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከቆየበት፣ ዩኔስኮ አደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶችን ከሚያሰፍርበት መዝገብ ወጣ። የግጦሹ ጫና ቀለለ፤ ለዋልያ መልካም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ገብስ ሲያጭድ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ ካሳውን ሲጨርስ ምን ይሠራል የሚለው ግን እስካሁን ያስጨንቀኛል።

ጥያቄ፦ ቀይ ቀበሮ ግልገል ይፈጃል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ዋና ቀለቡ አይጥ ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ በተቀመጡበት መሐል ረጋ ብሎ ይገባል፤ እነሱም አይሸሹትም። እንዲህ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ። ግልገል ጨርሶ አይነካም ብዬ አልምልም፤ እረኛ ይኑርዎት። ይልቅስ ውሻዎን ያስከትቡ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከውሻ የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ መንጋ ሙሉ ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ ተራራውን ባሕር ዛፍ ብናለብሰው ዱሩ ተመለሰ አይባልም?

መልስ፦ አይባልም። ማገዶና ማገር ይሰጣል፤ የእኔም ቤት የቆመው በእሱ ነው። ከሥሩ ጎንበስ ብለው ሣር ይፈልጉ እስቲ።

ጥያቄ፦ ከመንደራችን በላይ ያለውን ተዳፋት ከከብት ንክኪ ነፃ ልናደርግ ነው። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከችግኝ አትጀምሩ። ከብቱ ከወጣ ሣሩ በመጀመሪያው ክረምት ራሱ ይመጣል፤ ጭቅጭቁም አብሮት። መስከረም ላይ ማን ያጭዳል? በሬ የሌላት መበለት ድርሻዋ ስንት ሸክም ነው? በሌሊት በጎቹን ያስገባ ምን ይቀጣል? ሰኔ ሳይገባ ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ተፈራረሙ።