ከጅዳ የመጣው ካፕሱል ያከሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ልጄ የምትሠራው ጅዳ ነው። «ሆድ ውስጥ ጥሩ ባክቴሪያ ይጨምራል፣ ውፍረትና ስኳር ይቀንሳል» ብላ ፕሮባዮቲክ የሚባል ካፕሱል በሰው ላከችልኝ። ስኳር ካገኘኝ ቆይቷል፤ ሜትፎርሚን እውጣለሁ። ኪሎዬ ጨምሯል፣ አሁን አሁን ደግሞ እግሬን ያደነዝዘኛል። ካፕሱሉን ከጀመርኩ የሐኪሙን መድኃኒት ልተው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እትዬ፣ አብሽሩ፤ ካፕሱሉ መርዝ አይደለም። ሜትፎርሚኑን ግን እንዳይተዉ!

ደሴ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል እንዲህ ዓይነት ብልቃጥ ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው፦ የባክቴሪያው ሙሉ ስም ከነመለያው ተጽፏል? በሕይወት ያሉት ስንት ቢሊዮን ናቸው? ጊዜውስ አላለፈም? አንዱ ዝርያ የሚሠራውን ሌላው አይሠራምና «ፕሮባዮቲክ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግረኝም። «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ካለ ደግሞ የኮምቦልቻ ሙቀት እንደ ደሴ አይደለም፤ ፍሪጅ ይግባ።

ያከሳል ወይ ላሉት፣ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ካፕሱሉን የወሰዱት ካልወሰዱት አስበልጠው የቀነሱት በአማካይ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የቤልጂየም ጥናት አከርማንሲያ የምትባል ባክቴሪያ ለ3 ወር ሰጥቶ ኢንሱሊን የተሻለ ሲሠራ አይቷል፤ ተሳታፊዎቹ ግን 32 ብቻ ነበሩ። ደግሞ የሚገርመው፣ ይበልጥ የሠራችው በሙቀት የተገደለችው ናት። ልጅዎ ሁለተኛ ብልቃጥ ልትገዛ ካሰበች በዚያው ገንዘብ የስኳር መለኪያና ስትሪፕ ትላክልዎ።

ይልቅ ወደ ቡናው እንምጣ። ወሎ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል አይነሳም። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ካደረጉ ስድስት ማንኪያ፣ 25 ግራም ያህል ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከዚህ ባያልፍ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ያውም ሻይና ለስላሳው ሳይቆጠር። በቡናው ላይ ስኳሩ ይቅርብዎ፣ ቡናውን ማን ከለከለዎ!

የሆድ ባክቴሪያ ቀለቡ አሰር ነው፦ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ የገብስ ቆሎ። እንጀራውን ቀነስ፣ ወጡን ጨመር ያድርጉ። ሊጡማ በባክቴሪያ የተሞላ ነበር፤ ምጣዱ አይምራቸውም እንጂ። በሕይወት የሚገኙት እርጎ ውስጥ ነው። ወተቱ መጀመሪያ ይፈላ፤ ጥሬው ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ለብ ሲል ከቀደመው እርጎ ጠብ አድርገው ያርጉት፤ ስኳር ግን አይጨምሩበት።

የእግርዎ ነገር አይደር። ስኳሩ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ ሜትፎርሚንም ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል፣ ያም ያደነዝዛል። ሐኪምዎን ቢ12 ይታይልኝ ይበሉ። እስከዚያው በባዶ እግር አይሂዱ፣ በፍል ውሃም አይዘፍዝፉት።