ለባሪቶን ሳክስፎን ኬዝ ስትመርጪ ከውጭው በፊት ውስጡን እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያገለገለ ባሪቶን ሳክስፎን፣ ማለትም ትልቅና ወፍራም ድምፅ ያለውን ዓይነት፣ ገዝተሻል። አብሮት የመጣው ኬዝ ማጠፊያው ተሰብሯል። በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ወደ ልምምድ ትወስጂዋለሽ። ቁመቴም አጭር ነው ብለሻል። ቀላል ቦርሳ ይሻለኛል ወይስ ጠንካራ ኬዝ፣ ጎማስ ይኑረው ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔ ባሪቶን ተሸክሜ መዞር ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ አራት ኬዝም ቀያይሬያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ሁለተኛው ኬዜ ሲያዩት የሚያስተማምን ነበር። ወፍራም ፕላስቲክ፣ ጠንካራ መቆለፊያ፣ ሰው ቢቆምበት የማይሰበር። አንድ ቀን ልምምድ ቦታ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት። ዞር ከማለቴ ተንሸራቶ ወደቀ። ከደረጃ አልተንከባለለም፤ ከቆመበት ጋደም አለ፣ በቃ። ኬዙ ጭረት እንኳ አልነካውም። ተመስገን ብዬ ከፈትኩት። ሳክሱም ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። ስነፋው ግን ታችኞቹ ድምፆች አልወጣ አሉ። ጠጋኙ ዘንድ ስወስደው ዋናው ቱቦ ትንሽ ጎብጧል አለኝ። ቱቦው ከጎበጠ በላዩ የተዘረጉት ረጃጅም ዘንጎች መላወስ ያቅታቸዋል። ፓዶቹም፣ ማለትም ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ለስላሳ ክዳኖች፣ ቀዳዳቸው ላይ ገጥመው አይቀመጡም፤ አየር ያመልጣል። ሦስት ሳምንት ያለ መሣሪያ ከረምኩ።

ጠጋኙ ያኔ ያሳየኝን ነገር እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። ባዶውን ኬዝ ሳይሆን ሳክሱ ያለበትን ኬዝ ዘግቶ ቀስ ብሎ ወዘወዘው። ውስጡ ጓ ጓ አለ። ኬዙ ሲወድቅ ወለሉ አስቆመው፤ ሳክሱን ግን የሚያስቆመው ነገር አልነበረም። የራሱ ክብደት ነው ያጎበጠው። ባሪቶን ብቻውን ስድስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ክብደት ውስጥ ለውስጥ ሲወረወር አስቢው።

እና ኬዝ ልትገዢ ስትሄዪ ሳክሱን ይዘሽ ሂጂ። አስተኝተሽ ዝጊና በቁመቱም በወርዱም ቀስ እያልሽ አዘንብዪው። ምንም መንኳኳት መስማት የለብሽም። ቀጥሎ ደግሞ ክዳኑ የት የት እንደሚጫን እዪ። ቀጭን ቀጭን ወረቀት ቁረጪና ጫፉ ወደ ውጭ እንዲተርፍ አድርገሽ ሳክሱ ላይ ጣል ጣል አድርጊ፤ ክዳኑን ዘግተሽ ወረቀቶቹን ሳቢ። በሰፊው አፍ ጠርዝ፣ በታችኛው ቆልማማ ቱቦና አንገቱ በሚሰካበት ጫፍ አካባቢ ወረቀቱ ቢያዝ ጥሩ ነው፤ እነዚያ ቦታዎች ክብደት ይችላሉ። ቁልፎቹ ላይ ያለው ወረቀት ከተያዘ ግን ያንን ኬዝ ተዪው። ክዳኑ በዘጋሽው ቁጥር ቁልፎቹን እየተጫነ ቀስ በቀስ ያጣምማቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ባሪቶን ሁሉ አንድ ልክ አይደለም። አንዳንዱ ድምፁ ታች ቢ ፍላት እስከሚባለው ኖታ ብቻ ይወርዳል፤ አብዛኛው የዘመኑ ደግሞ ከእሱ ዝቅ ብሎ እስከ ኤ ይወርዳል። ኤ ያለው ሰፊው አፉ ረዘም ይላል። ለአጭሩ የተሠራ ኬዝ ረጅሙን አይዘጋበትም፤ ለረጅሙ የተሠራው ደግሞ አጭሩን ያንገዋልለዋል። ያንቺ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የግራ አውራ ጣትሽ ጋ ተጨማሪ ቁልፍ መኖሩን እዪ። ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ የኤ ቁልፍ ነው። ሻጭ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልሽ አትቀበዪው። ጠቅላላ ርዝመቱን፣ የአፉን ስፋትና ከላይ ያለውን ጥምዝ ቱቦ ለክተሽ ያዢ።

ኬዙ ጥሩ ሆኖ ትንሽ ቢሰፋ ተስፋ አትቁረጪ። ክፍተቱን በጠንካራ ስፖንጅ መሙላት ይቻላል። የትራስ ዓይነቱ ለስላሳ ስፖንጅ ግን አይሆንም፤ በጥቂት ወር ተኝቶ ይቀራል። በጣት ሲጫኑት እንቢ የሚል፣ ሲለቁት ወዲያው የሚመለስ ነው የሚፈለገው። በለስላሳ ጨርቅ ሸፍኚው። ያን የወደቀውን ኬዝ ራሱን እንዲህ አድርጌ ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ቀላል ቦርሳ ለአውቶቡስ አልመክርም። ጀርባ ላይ ምቹ ነው፤ እውነት ነው። ግን አውቶቡስ ውስጥ ሰው ይደገፍበታል፣ በር ይመታዋል፣ ሌላ ዕቃ ይጫንበታል። ጨርቅና ስፖንጅ ከጭረት ያድናል እንጂ ከግፊት አያድንም። የእንጨቱ ሣጥን ደግሞ ጥሩ ይጠብቃል፤ ግን ሳክሱ ሲገባበት 15 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። መኪና ላለው ሰው እሱን እመክር ነበር። ላንቺ የሚሆነው መሃለኛው ነው። የሳክሱን ቅርጽ ተከትሎ የተሠራ፣ ቅርፊቱ ፋይበርግላስ ወይም ጠጣር ስፖንጅ የሆነ፣ ሁለት ማንገቻ ያለው። አሁን የምይዘው እንዲህ ያለውን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ገበያ ቦታ አዝለሽ ቁሚና ጥቂት ተራመጂ። ደረጃ ካለም ውጪበት። ቁመት አጠር ላለ ሰው የኬዙ ታችኛው ጫፍ ደረጃ ላይ ባት እየመታ ያስቸግራል። ማንገቻው ከፍ ተደርጎ ሲታሰር ደግሞ የላይኛው ጫፍ ከራስ በላይ ይወጣል፤ በር ስትገቢ ጎንበስ ማለት ልመጂ። ማንገቻው የታሰረበትን ቀለበትም በደንብ ፈትሺ። በስፌት ብቻ የተያዘ ከሆነ ይለቅቃል። በብረት ሳህን ቅርፊቱ ላይ በብሎን የታሰረ ይሁን።

ጎማን በተመለከተ ሐሳቤ የብዙዎችን ላይመስል ይችላል። ለልሙጥ ወለል ግሩም ነው። ሸካራ መንገድ ላይ ግን ትንንሽ ጠንካራ ጎማዎች እያንዳንዷን ንዝረት ወደ ሳክሱ ያስተላልፋሉ። ጎማ ያለውን ኬዝ በያዝኩበት ጊዜ ብሎኖች በየወሩ ይላሉብኝ ነበር። የግድ ጎማ ካልሽ ትልልቅና ለስላሳ የሆኑትን፣ ሲያረጁም የሚቀየሩትን ምረጪ፤ ድንጋያማ ቦታ ስትደርሺ ተሸከሚው።

የውስጥ ኪስ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከእሱ ነው። አንገቱና ማውዝፒሱ፣ ማለትም አፍሽ ውስጥ የምታስገቢው መንፊያ፣ የየራሳቸው ቦታ ይኑራቸው። የኖታ ደብተር ሳክሱ ላይ አስተኝተሽ ክዳን አትዝጊ፤ ቁልፎቹን የሚጫነው ደብተሩ ይሆናል። አንገቱ የሚገባበትን ቀዳዳ የምትዘጋዋን ትንሽ ቡሽም አትጣያት። ድምፁን ወደ ላይኛው እርከን የምታሻግረውን የኦክታቭ ቁልፍ ጫፍ ከመታጠፍ የምታድነው እሷ ናት። የጠፋች ከሆነ ኬዙን ሳትገዢ በፊት እሷን ግዢ።

ስለ አውሮፕላን አልጠየቅሽም፤ ግን አንድ ቀን ይመጣል። ብዙ አየር መንገዶች ለሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ 158 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 23 ኪሎ ነው። የባሪቶን ኬዝ አብዛኛውን ጊዜ ልኩን ያልፋል፤ ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

እስከዚያው በተሰበረው ኬዝ መንቀሳቀስሽ ካልቀረ ማጠፊያው ባለበት በኩል በሁለት ሰፋፊ ቀበቶ ጠፍረሽ እሰሪው፤ ክዳኑ ከሥር ከተከፈተ ሳክሱ ነው የሚወድቀው። ልኩን ስትወስጂ ደግሞ እዚሁ ጻፊልኝ። የኤ ቁልፍ እንዳለውና እንደሌለው፣ የአፉንም ስፋት ከነገርሽኝ የትኛው ቅርጽ እንደሚስማማው አብረን እናያለን።