ስለ «ሱሳይድ ስኳድ» ዲስክ ለጠየቅሽው እህታችን

ሰላም እህቴ። ለታናሽ ወንድምሽ የልደት ስጦታ እንዲሆን «ሱሳይድ ስኳድ፦ ኪል ዘ ጀስቲስ ሊግ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ስታዲየም አካባቢ በ6,000 ብር እንዳገኘሽ፣ ልጁም የባትማን ጨዋታዎችን ስለሚወድ ብትገዢለት ያዋጣሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ግራፊክሱ ቆንጆ እንደሆነ ጽፈዋል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ይህንኑ ዲስክ በ2016 ዓ.ም. ለፋሲካ ለእህቴ ልጅ ገዝቼ ገንዘቤንም የበዓሉን ደስታም ያጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የእኔ ዕጣ እንዳይደርስብሽ በዝርዝር ልጻፍልሽ።

1. የወንድምሽን ኮንሶል (የጨዋታ ማሽን) አስቀድመሽ ተመልከቺ። ይህ ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን 4 አልተሠራም። ፕሌይስቴሽን 5 ቢኖረው እንኳ ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ዓይነት ስላለ፣ ማስገቢያው መኖሩን በዓይንሽ አረጋግጪ።

2. ሻጩን «ይህ ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። እኔን ያከሰረኝ ይህችን አንድ ጥያቄ አለመጠየቄ ነው። ያልጠየቅሁበትም ምክንያት ነበረኝ። ጨዋታውን የሠራው ሮክስቴዲ የተባለው የለንደን ስቱዲዮ የባትማን ጨዋታዎች የሆኑትን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 «አርካም አሳይለም»ን፣ በ2011 «አርካም ሲቲ»ን፣ በ2015 ደግሞ «አርካም ናይት»ን ያወጣው ራሱ ነው። የእህቴ ልጅ እነዚህን ጨዋታዎች አራት ኪሎ በሚገኘው ቤታችን፣ የኢንተርኔት መስመር ሳይኖረን፣ ከዲስክ ብቻ እየተጫወተ ነው ያደገው። ስለዚህ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ ሕንጻ ላይ ከሚገኝ ሱቅ ገብቼ የስቱዲዮውን ስም በማሸጊያው ላይ ሳየው ሌላ ምንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ 8,500 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 500 ብር ይቀነስልሃል» ተብዬም ተስማማሁ፤ ይህ ሁለተኛው ስሕተቴ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡ ተበልቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ቴሌቪዥኑ ፊት ከተሰበሰቡ በኋላ ዲስኩን አስገባነው። ጨዋታው ኮንሶሉ ላይ ተጭኖ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቅን፤ ካለቀ በኋላ ግን በኢንተርኔት ከሰርቨር (ከኩባንያው ኮምፒውተር) ጋር ካልተገናኘሁ አልከፈትም አለን። ልጁ ብቻውን ለመጫወት እንጂ ከማንም ጋር ለመጫወት አልጠየቀም። ያኔ ግን ጨዋታው ለብቻም ቢሆን ኢንተርኔት ይጠይቅ ነበር። ከስልኬ ሆትስፖት ከፈትኩለት፤ አፕዴቱ (የጨዋታው ማሻሻያ) መውረድ ጀመረ፤ ግማሽ ሳይደርስ ጥቅሌ አለቀ። ሌላ ጥቅል ገዛሁ፤ እርሱም አለቀ። በሦስተኛው ጊዜ ልጁ እጄን ይዞ «ይቅር ጋሼ፣ ፊፋ እንጫወታለን» አለኝ። ለእኔ ተጨንቆ እንደተናገረው ስለገባኝ፣ ከወጣው ገንዘብ ይልቅ ያች ንግግሩ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ማክሰኞ ጠዋት ዲስኩን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ቀና ብሎ ሳያየኝ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ሳይሆን በሌላ ጨዋታ እንዲቀይርልኝ፣ ልዩነት ካለም እንደምጨምር በትሕትና ነገርኩት። «ኢንተርኔት ከሌለህ ምን አስገዛህ?» ብሎ መለሰልኝ። እኛ እንደማይሠራ ያወቅነው ዕቃው ከተከፈተ በኋላ ነው። ይህን ላስረዳው ስሞክር ደረሰኝ ጠየቀኝ፤ ደረሰኝ እንዳልወስድ 500 ብር የቀነሰልኝ ራሱ ነበር። ሃያ ዓመት በሒሳብ ሥራ የኖርኩ ሰው ያለ ደረሰኝ ዕቃ መግዛቴ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ሽበት ያለበትን ደንበኛ «አንተ» እያሉ በሌላ ሰው ፊት ማዋረድ የንግድ ሥርዓት አይደለም። ስለዚህ 3ኛው ምክሬ ከዋጋው ላይ ምንም ያህል ቢቀነስልሽ ደረሰኝሽን እንድትቀበይ፣ ከተቻለም ዲስኩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ ሲሠራ ካላየሽ ገንዘብ እንዳትሰጪ ነው።

ምናልባት አሁን ሻጩ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ይልሽ ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያ ላይ ያለ ኢንተርኔት ለመጫወት የሚያስችል አፕዴት ወጥቷል። አፕዴቱን ለማውረድ ግን መጀመሪያ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። እኛ ኮንሶሉን በፌስታል ይዘን ካዛንቺስ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት ሄደን፣ አዳር ትተነው ነው ያወረድነው። ወንድምሽ እንደ እኛ ልጅ በስልክ ጥቅል የሚኖር ከሆነ ይህን ድካም አስቢበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጨዋታው ሲከፈት ልጁ የጠበቀውን አላገኘም። በአርካም ጨዋታዎች ባትማን በጨለማ ተደብቆ ጠላቶቹን አንድ በአንድ ይጥል ነበር፤ በእጅ ለእጅ ትግሉም እያንዳንዱ ምት ይሰማል። እዚህ ግን የምትጫወቺባቸው ወንጀለኞች፣ ሃርሊ ክዊን፣ ዴድሾት፣ ካፒቴን ቡመራንግ እና ኪንግ ሻርክ አራቱም ጠመንጃ ይዘው ይተኩሳሉ። ኪንግ ሻርክ ግዙፍ ሻርክ ነው፤ ጥርስ ያለው ፍጡር ለምን ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ መትረየስ እንደሚተኩስ ልጁ ጠይቆኝ መልስ አላገኘሁለትም። አራቱ በአመጣጣቸውና በእንቅስቃሴያቸው ይለያዩ ይሆናል፤ ትግሉ ውስጥ ሲገባ ግን ልዩነታቸው ይጠፋል። ሥራውም ያው ነው፤ ጣሪያ ላይ የወጡትን ጠላቶች አጥፋ፣ ይህን ቦታ ጠብቅ፣ መኪናውን አጅብ፤ ከዚያም ቁጥሩ በትንሹ የሚበልጥ መሣሪያ ትሸለሚና እንደገና ትጀምሪያለሽ።

ስጦታ ስለሆነ አስቀድመሽ ማወቅ የሚገባሽ ሌላም ነገር አለ፤ የታሪኩን ክፍል ስለምገልጽ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ ጨዋታ ባትማን ብሬኒያክ በተባለ ከህዋ በመጣ ክፉ ፍጡር አእምሮው የተያዘ ጠላት ነው፤ በመጨረሻም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሃርሊ በጥይት ትገድለዋለች። ለባትማን ድምፁን የሰጠው ተዋናይ ኬቨን ኮንሮይ በአርካም ጨዋታዎችም የባትማን ድምፅ የነበረ ሲሆን፣ ይህ ጨዋታ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲወጣ እርሱ ካረፈ ዓመት አልፎት ነበር። የእህቴ ልጅ ያን ድምፅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ያች ትዕይንት ካለፈች በኋላ መቆጣጠሪያውን አስቀምጦ ወጣ፤ ለሦስት ሳምንትም አልነካውም።

ታሪኩም ቢሆን ሲሸጥልን ሙሉ አልነበረም። ሊገደሉ የሚገባቸው ከተለያዩ ዓለማት የመጡ ብሬኒያኮች 13 እንደሆኑ ይነገርና አንዱ ከተገደለ በኋላ ቀሪዎቹን በየወቅቱ ከሚመጡ ተጨማሪ ክፍሎች ጠብቁ ይባል ነበር። ተጨማሪ ክፍሎቹም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ቆሙ። ባለቤቱ ዋርነር ብሮስ ዲስከቨሪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ከጨዋታው ጋር በተያያዘ 200 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል። ገበያው ላይ ዋጋው እንዲህ የወረደው ለዚህ ነው እንጂ ሻጩ ለአንቺ አዝኖ አይደለም።

በምትኩ «ጎተም ናይትስ» የተባለውን ሌላ የባትማን ዓለም ጨዋታ እናምጣልሽ ቢሉሽ፣ እርሱ ለብቻ ሲጫወቱት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ነገር ግን የሠራው ሌላ ስቱዲዮ ስለሆነ የአርካምን ያህል አትጠብቂ። እኔ በመጨረሻ የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የኢንሶምኒያክ ስቱዲዮ «ስፓይደር ማን» ያገለገለ የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ ነው፤ በፕሌይስቴሽን 5ም ይሠራል። ፒያሳ አንድ ትንሽ ሱቅ ውስጥ 2,200 ብር ከፍዬ፣ ጥያቄዬን ጠይቄ፣ ተከፍቶ ሲሠራ አይቼ፣ ደረሰኜን ተቀብዬ ወጣሁ። ልጁ ያለ ምንም ኢንተርኔት እስከ መጨረሻው ጨረሰው፤ ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው።

ያ የ8,500 ብር ዲስክ አሁንም እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ወንድምሽ በራሱ ዓይን ማየት ከፈለገ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አራት ኪሎ መጥታችሁ ውሰዱት፤ ለሁለት ሳምንት ይሞክረው፣ ገንዘብ አልቀበልም። አፕዴቱን የሚያወርድበት ዋይፋይ ግን እናንተ ፈልጉ።