ፎሎወሩ እስኪዘል ድረስ ያፍጥኑት

«ተማሪዎቼ የካም ቤተ ሙከራ ገብተው የከፍታውን ኩርባ ይስላሉ፣ ከስሌቱ ጋር ያመሳክራሉ፣ ይወጣሉ፤ ዳይናሚክሱ ግን አልገባቸውም» ብለው ለጠየቁት መምህር፦

እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት እንደዚያው ነበር። ካም እየዞረ በላዩ ያረፈውን ክፍል፣ ማለትም ፎሎወሩን፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የማሽን አካል ነው። ካሙን በየ10 ዲግሪው በእጅ እያዞሩ ዳያል ጌጅ (ከፍታውን የሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ማንበብ ጂኦሜትሪ ነው። በቆመ ካም ላይ ኢነርሺያ ከየት ይመጣል?

አሁን ፎሎወሩ ከካሙ ተላቆ እስኪዘል ድረስ ሞተሩን አፈጥናለሁ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ቡድን ፎሎወሩ በደቂቃ በስንት ዙር ፍጥነት እንደሚዘል አስልቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ቁጥሩን አስቀድሞ የጻፈ ተማሪ ማሽኑን ዓይኑን ሳይነቅል ያያል።

ስሌቱ አያስቸግርም። ካም ይገፋል እንጂ አይስብም፤ ወደ ላይ የሚወጣው ፎሎወር ፍጥነቱን መቀነስ ሲጀምር ወደ ታች የሚመልሰው ሞላውና የራሱ ክብደት ብቻ ነው። በ120 ዲግሪ 10 ሚሊ ሜትር የሚያነሳ ፓራቦሊክ ካም እንውሰድ፤ ይህ ካም ፎሎወሩን እስከ ግማሽ ከፍታ በቋሚ አክስለሬሽን ያፈጥነዋል፣ ከዚያ በዚያው መጠን ያዘገየዋል። ሞላው መነሻው ላይ 20 ኒውተን ቢጫን፣ ጥንካሬውም በሚሊ ሜትር 2 ኒውተን ቢሆን፣ በግማሽ ከፍታ ላይ 30 ኒውተን ይደርሳል። የግማሽ ኪሎ ግራም ፎሎወር በደቂቃ 835 ዙር ገደማ ላይ ይዘላል። አንድ ኪሎ ግራም ሲሆንስ? አብዛኞቹ «ከብዶ ስለሚጫን ዝላዩ ይዘገያል» ይላሉ። መልሱ 630 ገደማ ነው፤ ክብደቱ የጨመረው 5 ኒውተን ያህል ሲሆን ለማዘግየት የሚያስፈልገው ኃይል ግን እጥፍ ሆኗል። ከክርክሩ በኋላ የማዕዘናዊ ፍጥነቱን ካሬ ከመጠነ ቁሱ ግልባጭ ጋር ግራፍ ያስሏቸው፤ ቀጥታ መስመር ይወጣል፣ ከተዳፋቱም የሞላው ኃይል ይገኛል።

የሚለካው ዙር ብዙ ጊዜ ከተሰላው ያንሳል። ተማሪዎች ወዲያው «የመለኪያ ስህተት» ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ ግን አልቀበልም። ሞላውም በከፊል አብሮ ስለሚንቀሳቀስ፣ የመጠነ ቁሱን ሲሶ በፎሎወሩ ላይ ደምረው እንደገና እንዲያሰሉ እመልሳቸዋለሁ።

ዝላዩን ለመያዝ መጀመሪያ በካሙና በፎሎወሩ መካከል አነስተኛ ቮልት አሳልፈን አምፖል አገናኝተን ነበር። አምፖሉ በዝግታ ስናዞረው እንኳ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ጥፋቱ የዘይቱ ስስ ሽፋን መሆኑን እስክንደርስበት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ዛሬ የምጠቀመው ስትሮቦስኮፕ፣ ማለትም በተመረጠ ፍጥነት ብልጭ ብልጭ የሚል መብራት ነው፤ ብልጭታውን ከዙሩ በጥቂቱ ዝቅ ሲያደርጉት እንቅስቃሴው በዝግታ ይታያል። የዝላዩ ኳኳታም ለጆሮ አይሰወርም።

ጊዜ ከተረፈዎት በሳይክሎይዳል ካም ይቀይሩት፤ የዚህኛው አክስለሬሽን ከዜሮ ተነስቶ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ለስላሳ ስለሆነ ከፍተኛ አክስለሬሽኑ የሚያንስ ይመስላቸዋል፤ በተመሳሳይ ከፍታና ማዕዘን ግን ከፓራቦሊኩ በ57 በመቶ ይበልጣል። ጥቅሙ አክስለሬሽኑ በድንገት አለመለወጡ ነው፤ ይህን በአክስለሮሜትር (በአክስለሬሽን መለኪያ) ይለኩት። የከፍታውን ንባብ ሁለት ጊዜ ዲፈረንሺዬት ማድረግ የሚያተርፈው የጎላ የንባብ ስህተት ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስትሮቦስኮፕ የሚሽከረከረውን የቆመ ያስመስላል። አንድ ተማሪ ሊነካው እጁን ሲዘረጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መከላከያ ክዳኑ ሳይገጠም መብራቱን አላበራም።